የሐዋሳ ሐይቅ እንስሳት አበላልና ስሪያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፍቅር ሐይቅ ዳር ስንንሸራሸር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ስንበላ፣ ጀልባ ላይ ስንወጣ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ፤ ቀላሉ ከላይ፣ ነገረኛው ከታች።

አሞራ ገደል ያሉት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ለምን ከዚያ አይጠፉም? ሰውም አይፈሩም እኮ።

ሳይለፉ መብላት ማን ይጠላል? ዓሣ አጥማጆቹ ጠዋት ጀልባቸውን አስጠግተው መረባቸውን ሲያራግፉ ዓሣው እዚያው ይበለታል። ጭንቅላቱ፣ ቆዳውና ሆድ ዕቃው ይጣላል። የአባ ኮዳ ኑሮ ደግሞ ድሮም ይሄው ነው፤ ሌላው የተወውን መልቀም። ሜዳ ላይ ቢሆን የሞተ እንስሳ ፍለጋ ሰዓታት አየር ላይ ሲዞር መዋል፣ ከጥንብ አንሳ ጋር መጋፋት ነበረበት። እዚህ ቆሞ መጠበቅ ብቻ ይበቃዋል። እንደሱ ላለ ከባድ ወፍ መብረር ብዙ ጉልበት የሚበላ ነገር ስለሆነ ካልተገደደ አይነሳም።

ሰው አለመፍራቱ ድፍረት ሳይሆን ልምድ ነው። ከሰው አጠገብ ሲቆም ዱላ ሳይሆን ዓሣ እያገኘ ስለኖረ ለሱ ሰው ማለት ምግብ ያለበት ቦታ ማለት ነው። ቁመቱ እስከ 1.5 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ለፎቶ ብላችሁ ትንሽ ልጅ ዓሣ አስይዛችሁ አታስጠጉ። ወፉ ልጁን አይፈልግም፣ ግን መንቁሩ ጣትና ዓሣ አይለይም።

አንገቱ ላይ የሚንጠለጠለው ከረጢት ዓሣ የሚያጠራቅምበት ነው?

አይደለም፤ ሁሉም ሰው ግን እንደዚያ ነው የሚያስበው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው አየር ብቻ ነው። የሚገናኘውም ከግራ አፍንጫው ቀዳዳ ጋር እንጂ ከምግብ መውረጃው ጋር አይደለም። ሲነፋው ያብጣል፤ ሌላውን ለማስፈራራት፣ የስሪያ ጓደኛ ለመሳብና ሙቀት ለማስወጣት ይጠቀምበታል። የዋጠው ዓሣ በሌላ መንገድ ቀጥ ብሎ ወደ ሆዱ ይወርዳል።

ራሱ ላይ ላባ የሌለው ደግሞ ጭንቅላቱን ጥንብ ውስጥ ስለሚከት ነው። ላባ ቢኖረው ደምና ስብ እየተጋገረበት ይቸገር ነበር። እግሩ ነጭ የሚመስለውስ? ይቅርታ አድርጉልኝና ኩሱ ነው። ሲሞቀው እግሩ ላይ ይጸዳዳል፤ እርጥበቱ ሲተን እግሩን ያቀዘቅዝለታል። ምሳ ላይ ከሆናችሁ ይቺን በኋላ አንብቧት።

ከውሃ ወጥተው ክንፋቸውን ዘርግተው የሚቆሙት ጥቁር ወፎች ምን እያደረጉ ነው?

እየደረቁ ነው። ኮርሞራንት ይባላሉ። ላባቸው እንደ ዳክዬ ላባ ውሃን ሙሉ በሙሉ አይመልስም፤ የላይኛው ክፍል ይርሳል። ይሄ ጉድለት ይመስላል፣ ግን ላባቸው ሲርስ በውስጡ የሚያዘው አየር ስለሚቀንስ ውሃው ወደ ላይ አይገፋቸውም፤ ጠልቀው ዓሣ ማሳደድ ይቀላቸዋል። ዋጋው ከአደን በኋላ ፀሐይ ላይ መቆም ነው።

ጦጣ ለምን ከእጄ ነጥቃ ትሮጣለች? እዚያው አትበላም?

እዚያው ከበላች ሌላዋ ጦጣ ትነጥቃታለች። በመንጋው ውስጥ ደረጃ አለ፤ ሴቷ ደረጃዋን ከእናቷ ነው የምትወርሰው። ዝቅ ያለችው ያገኘችውን ይዛ ካልጠፋች ለበላይዋ ታስረክባለች። ለዚህ የሚሆን ዕቃም ተፈጥሮ ሰጥቷታል፤ በሁለቱ ጉንጮቿ ውስጥ ከረጢት አለ። ሙዙንም ዳቦውንም እዚያ ጠቅጥቃ ዛፍ ላይ ወጥታ፣ ዞር ዞር ብላ አይታ፣ ከዚያ ረጋ ብላ እያወጣች ታኝካለች። ጉንጩ ያበጠ ጦጣ ካያችሁ የጥርስ ሕመም አይደለም፣ ምሳ ነው።

ሌላው ደግሞ እኛው ነን ያስለመድናት። አንድ ጊዜ ከፌስታል ውስጥ ብስኩት ያገኘች ጦጣ ፌስታል ባየች ቁጥር ብስኩት አለ ብላ ታስባለች። ስትቀርባችሁ ጥርሳችሁን አታሳዩዋት፤ ለናንተ ፈገግታ ነው፣ ለሷ ግን ዛቻ ሊመስላት ይችላል።

ጉሬዛስ? ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ነው የሚውለው። ሰነፍ ነው?

በፍጹም። ሆዱ ሥራ ላይ ነው። የጉሬዛ ዋና ምግብ ቅጠል ነው፤ ቅጠል ደግሞ በየቦታው ይገኛል እንጂ ጉልበት የሚሰጥ ምግብ አይደለም፣ ለመፍጨትም ከባድ ነው። የጉሬዛ ሆድ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው። ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ቅጠሉን ያብላሉለታል፣ ይሄ ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ ከቀኑ ግማሽ በላይ የሚሆነውን ቁጭ ብሎ ያሳልፋል። ጦጣ ፍራፍሬም፣ ነፍሳትም፣ የናንተንም ሳንድዊች ስለምትበላ ትሯሯጣለች፤ ጉሬዛ እንደሷ ቢሯሯጥ ከሚያገኘው በላይ ያወጣ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሐዋሳ ውስጥ ሎጅና መናፈሻ ግቢ ውስጥ ለጉሬዛ ዳቦና ኬክ የሚሰጥ እንግዳ አይጠፋም። እንዲህ ያለ ሆድ ውስጥ ስኳርና ዱቄት ሲገባ በፍጥነት ይብላላል፣ አሲድ ይበዛል፣ ባክቴሪያዎቹም ይታወካሉ። እንስሳው ደስ ብሎት ስለተቀበላችሁ ተስማምቶታል ማለት አይደለም።

ጉማሬ ዓሣ ይበላል?

አይበላም፣ ሣር ነው የሚበላው። ቀን ውሃ ውስጥ የሚውለው ቆዳው ፀሐይ ስለማይችል ነው። ሲመሽ ይወጣና ሌሊቱን ሲግጥ ያድራል፤ በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ገደማ ሣር ይበላል። ከአንድ ቶን በላይ ለሚመዝን እንስሳ ይሄ ትንሽ ነው፤ ቀኑን ውሃ ውስጥ ተኝቶ ስለሚውል ብዙ ጉልበት አያወጣም።

ስሪያውም ውሃ ውስጥ ነው። ትልቁ ወንድ የሚጠብቀው የሣሩን መስክ ሳይሆን የሐይቁን ዳርቻ ነው፤ ሴቶቹ ቀን የሚውሉት እዚያ ስለሆነ። አንገቱን የሚደፋ ሌላ ወንድ አጠገቡ ቢውል ይታገሰዋል፤ ሴት ከተጠጋ ግን ጠቡ የጥርስ ነው። ፋንድያውን በጅራቱ እየመታ የሚበትነውም እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ ለማለት ነው። ለእኛ የሚያስፈልገው ትምህርት ቀላል ነው፦ ማታ ወይም ገና ሳይነጋ በሐይቁ ዳር ሣር ላይ አትሂዱ፣ በተለይ ጉማሬውና ውሃው መካከል አትግቡ። መመለሻው ሲዘጋበት አይዞርም፣ የዘጋበትን ነው የሚያልፍበት።

ውሾች ሲሳረሩ ለምን ይጣበቃሉ? ድንጋይ መወርወርስ ያላቅቃቸዋል?

ይሄን በሹክሹክታ ነው የሚጠይቁኝ፤ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። የወንዱ ብልት ሥር ላይ ያለ ክፍል ውስጥ ከገባ በኋላ በደም ይሞላና ያብጣል፣ የሴቷም ጡንቻ ይጨምቀዋል። እስኪበርድ ድረስ መለያየት አይችሉም። ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 30 ደቂቃ ነው። ፊታቸውን አዙረው ቂጥ ለቂጥ የሚቆሙትም ለዚህ ነው። ጥቅሙ? አንዲት ውሻ በስሪያ ጊዜዋ ከብዙ ወንዶች ጋር ልትሳረር ትችላለች፤ የአንድ ጊዜ ቡችሎች እንኳ የተለያየ አባት ሊኖራቸው ይችላል። መጣበቁ ዘሩ እንዳይፈስና ሌላው ወንድ ወዲያው እንዳይተካ ይረዳል።

ድንጋይና የፈላ ውሃ አያላቅቅም። ሁለቱንም ያቆስላል እንጂ። ደንግጠው ሲጎተቱ የውስጥ ጉዳት ይደርስባቸዋል። ልጆቹን ዞር በሉ ብላችሁ መተው ነው። ራቅ ማለቱ ለናንተም ይሻላል፤ አንዲት ሴት የሚከተል የውሻ መንጋ እርስ በርሱ ይነካከሳል፣ መሀል የገባ ሰውም ይነከሳል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

ድመቶች ሌሊት እንደዚያ የሚያለቅሱት ተጣልተው ነው?

ግማሹ ጠብ ነው፣ ግማሹ ጥሪ ነው። ሴቷ ወንድ ስትፈልግ ረጅም ጩኸት ትጮኻለች፤ የሰሙት ወንዶች ከየጣሪያው ይመጡና እነሱ ይጣላሉ። መጨረሻ ላይ የምትሰሙት ድንገተኛ ጩኸት ደግሞ የሴቷ ነው። የወንዱ ብልት ወደ ኋላ ያዘነበሉ ትንንሽ እሾሆች አሉት፤ ሲወጣ ያማታል፣ ዞራም ትቧጭረዋለች። ግን ያ መነካካት ነው እንቁላሏ እንዲወጣ ምልክት የሚሰጠው። ድመት እንደ ሰው እንቁላሏን በየወሩ አትጥልም፤ አብዛኛውን ጊዜ ስሪያውን ትጠብቃለች።

ቀዝቃዛ አገር ያሉ ድመቶች ቀኑ ሲያጥር ስሪያ ያቆማሉ። ሐዋሳ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለወጥም። ጩኸቱም አይቆምም። እንቅልፍ ላጡት መፍትሔው የእንስሳት ሐኪም ጋር ወስዶ ማምከን ነው።

አውራ ዶሮ ጥሬ ሲያገኝ ለምን ራሱ አይበላም? ሴቶቹን ይጠራል።

እየተሽኮረመመ ነው። አጠር አጠር ያለ ድምፅ እያሰማ ጥሬውን ያነሳል፣ ይጥላል፣ ደግሞ ያነሳል። ዶሮዋ ስትመጣ ይተውላታል። ብቻውን ሲሆን ግን ዝም ብሎ ይውጣል፤ ጥሪው የሚበዛው ሴት አጠገቡ ስትኖር ነው። ዶሮዎችም ደጋግሞ የሚጋብዘውን ወንድ ይመርጣሉ።

አጭበርባሪም አለ። ምንም የሚበላ ሳይኖር ራቅ ያለችዋን ዶሮ የሚጠራ። አንድ ሁለት ጊዜ ይሠራለታል። ሲደጋግመው ግን ጥሪውን ችላ ይሉታል።

ሸማኔ ወፎቹ ለምን የሠሩትን ጎጆ ራሳቸው ያፈርሳሉ?

ስላልተወደደላቸው። ጭንቅላታቸው ጥቁር፣ ሰውነታቸው ቢጫ የሆኑትን ተመልከቱ። ወንዱ አረንጓዴ ሣር እየሰነጠቀ ጎጆውን ይጎነጉንና ከሥሩ ተገልብጦ ተንጠልጥሎ ክንፉን ያራግባል፣ ሴት ሁሉ እንዲያየው። ሴቷ ትመጣለች፣ ትገባለች፣ ውስጡን በመንቁሯ ትጎትታለች። ካልጣማት ትሄዳለች። ደግማ ላትመጣም ትችላለች።

ሣሩ ደርቆ ቡናማ ሲሆን ጎጆው ያረጀና የላላ ስለሚሆን ሴቶች አይመርጡትም። ወንዱ ይሄን ጊዜ ይበትነውና እዚያው ቅርንጫፍ ላይ በአዲስ አረንጓዴ ሣር ይጀምራል። ያሳዝናል፣ አውቃለሁ። ግን የደከመ ጎጆ ከነጫጩቱ ከሚወድቅ በባዶው ቢፈርስ ይሻላል። ጎበዙ ግንበኛ ደግሞ በአንድ ወቅት ከአንድ በላይ ሚስት ያገኛል።

በመንቁሩ ዓሣ ሳይውጥ ይዞ የሚሄድ ወፍ አየሁ። ለማን ነው?

ለሴት ወይም ለጫጩት። ጥቁርና ነጭ ቀለም ያለውን፣ አየር ላይ ባለበት ቆሞ ክንፉን እያማታ ከዚያ ተወርውሮ የሚጠልቀውን ዓሣ አጥማጅ ወፍ ከሆነ ያያችሁት፣ የዓሣውን ጭንቅላት አስተውሉ። ራሱ ሊውጥ ከሆነ ጭንቅላቱን ወደ ጉሮሮው ያዞረዋል፤ ዓሣ በጭንቅላቱ በኩል ሲዋጥ ክንፉና ቅርፊቱ አይወጋም። ለሌላ የሚሰጥ ከሆነ ጭንቅላቱ ወደ ውጭ ነው፣ ተቀባይዋ በቀጥታ እንድትውጠው።

ለሴቷ የሚሰጠው በስሪያ ሰሞን ነው። ለሷ ሁለት ጥቅም አለው፤ እንቁላል ለመሥራት የሚያስፈልጋትን ምግብ ታገኛለች፣ ደግሞም ይሄ ወንድ ነገ ልጆቿን መቀለብ የሚችል መሆኑን ታያለች። ወንዱን መለየት ከፈለጋችሁ ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር አለው፣ ሴቷ መሀሉ የተቆረጠ አንድ ብቻ።

ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ አፍ ውስጥ እንቁላል አግኝቻለሁ። የራሷን ልጆች ትበላለች ማለት ነው?

በተቃራኒው ነው፤ እያሳደገቻቸው ነበር። የቆሮሶ ነገር ከሐይቁ ታሪኮች ሁሉ ለኔ አንደኛው ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝመው። ወንዱ ጥልቀት የሌለው፣ አሸዋማ የሆነ ዳርቻ ላይ በአፉ እየቆፈረ ክብ ጉድጓድ ያዘጋጃል። አጠገቡ ሌላው ወንድ የራሱን ይቆፍራል፣ ከዚያ ሌላው። ሴቷ እየዞረች ታያለች፣ የወደደችው ጉድጓድ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ወንዱ ዘሩን ያፈስበታል፣ እሷ ደግሞ ወዲያው እንቁላሎቹን በአፏ ሰብስባ ትሄዳለች። ወንዱ እዚያው ቀርቶ የምትቀጥለዋን ይጠብቃል። ለልጆቹ ሌላ ምንም አያደርግም።

እናትየው ግን ሁለት ሳምንት ገደማ አፏን ዘግታ ትቆያለች። እንደ ሰውነቷ ትልቅነት ከጥቂት መቶ እስከ ከአንድ ሺህ በላይ እንቁላል ልትይዝ ትችላለች። አየር እንዲያገኙ አፏ ውስጥ ታገላብጣቸዋለች። ተፈልፍለውም አትለቃቸውም፤ መዋኘት እስኪችሉ እዚያው ናቸው፣ ከወጡም በኋላ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚህ ጊዜ አትበላም። ወንድ ቆሮሶ ከሴቷ የሚገዝፍበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ እሷ ስትጾም እሱ እየበላ ያድጋል። ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ኩሬያቸውን በወንድ ብቻ መሙላት የሚፈልጉትም ለዚሁ ነው።

መረብ ላይ ስትያዝ ብዙ ጊዜ ደንግጣ ትተፋቸዋለች፣ አንዳንዴ ግን አንዳንዱ አፏ ውስጥ ይቀራል። ያገኛችሁት እሱን ነው። ዳር ዳሩን በመረብ መጎተት ለምን እንደሚጎዳ አሁን ይገባችኋል፤ ጉድጓዱ ያለው እዚያ ነው፣ ጫጩቶቹ የሚያድጉትም እዚያ ነው። በአንድ ጉተታ የዛሬው ምሳና የከርሞው ዓሣ አብረው ይወጣሉ።

አምባዛስ ልጆቹን እንደዚያ ይጠብቃል?

ኧረ የለም። አምባዛ ጥሎ ነው የሚሄደው። ዝናብ ጥሎ ውሃው ሲሞላና ዳርቻው ያለው ሣር ሲሰጥም፣ በሌሊት ወደዚያ ይወጣሉ። ወንዱ ሰውነቱን አጥፎ የሴቷን ጭንቅላት ይጠመጠማል፤ እሷ እንቁላሏን ትለቃለች፣ እሱ ያዳብራል፣ በጅራቷ ትበትነዋለች። እንቁላሉ ሣር ላይ ይጣበቃል። ከዚያ ሁለቱም ይሄዳሉ። ውሃው ሞቅ ያለ ከሆነ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ይፈለፈላል።

ጨካኝ አትበሉት፣ ስሌቱ ሌላ ነው። ቆሮሶ አፏ የያዘላትን ያህል ብቻ ነው ማሳደግ የምትችለው፤ አምባዛ ግን በብዙ አሥር ሺህ ይጥላል፣ አብዛኛው ይሞታል፣ ጥቂቱ ይበቃል። ለዚያውም አዲስ የተጥለቀለቀ ሣር ውስጥ ትልልቅ ዓሣዎች ገና አልደረሱም፣ ለጫጩቱ የሚበላው ጥቃቅን ነገር ደግሞ ሞልቷል። አምባዛ ውሃ ውስጥ ከሚተነፍስበት ስንጥቡ በላይ አየር ከውጭ መሳብ የሚችልበት ክፍል ስላለው ጭቃና ዝቅተኛ ውሃ ውስጥ መግባቱ አያስፈራውም።

ባለቀንዱ ትልቅ ወፍ ሚስቱን ግንድ ውስጥ ያስራታል የሚባለው እውነት ነው?

ግንድ ውስጥ መግባቷ እውነት ነው፣ መታሰሯ ግን ውሸት። ዋርካና ሾላ ላይ እየጮኹ የሚበሉት፣ ጥቁርና ነጭ፣ መንቁራቸው ላይ ትልቅ ቀንድ የተጫነባቸው ናቸው። ሴቷ የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ትገባና በሩ በጭቃ ይደፈናል። ወንዱ አፈር እየዋጠ በምራቁ ድቡልቡል አድርጎ ያመጣላታል፣ እሷ ከውስጥ ሆና ትለስነዋለች። የምትቀረው ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ናት። በዚያች ቀዳዳ ለሦስት ወር እና ከዚያ በላይ ፍሬ በፍሬ እየተፋ ይቀልባታል፣ ጫጩቱ ሲፈለፈል ደግሞ ለሁለቱም።

ጭቃው የሚጠብቃት ከእባብና ከሌላ ቀዳዳ ከሚፈልግ ወፍ ነው። ከውስጥ የምትለስነው እሷ ስለሆነች መስበርም ትችላለች። ለወንዱ ግን ከባድ ነው። ሌላ ሚስት ለመፈለግ ጊዜውም ጉልበቱም የለውም። ያፈራ ዋርካ የት እንዳለ ማወቅ የቤተሰቡ ሕይወት ነው፤ ለዚህ ነው ትልልቅ የሾላና የዋርካ ዛፍ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ የሆኑት።

አንዳንዱ ዓሣ አጥማጅ ወፍ የራሱን ቤት አይመሠርትም፣ የሌላውን ልጅ ይቀልባል። ሞኝ ነው?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቅድም ባነሳነው ጥቁርና ነጭ ወፍ ዘንድ ወንዶች ከሴቶች ይበዛሉ። ሴቷ በገደል አፈር ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ታቅፋ ስታድር አውሬ ይበላታልና። ሚስት ያጣ ወጣት ወንድ አማራጩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ወላጆቹ ጋር ቀርቶ ታናናሾቹን መቀለብ፤ ወንድምና እህት የሱም ደም ስለሆኑ ድካሙ ባዶ አይቀርም። ሁለተኛ፣ ዝምድና ከሌለው ቤተሰብ ጋር መጠጋት።

ሁለተኛው ነው ሰውን የሚያስገርመው። እነዚህ ወፎች ኬንያ ውስጥ ናይቫሻና ቪክቶሪያ ሐይቆች ላይ ተጠንተዋል። ናይቫሻ ላይ ዓሣ ማግኘት ቀላል ስለሆነ ጥንዶቹ ባዳውን ያባርሩታል። ቪክቶሪያ ላይ ግን ውሃው ስለሚናወጥ አደኑ ይከብዳል፣ ሁለት ወላጅ ብቻውን ጫጩቶቹን አይችልም፣ ስለዚህ ይቀበሉታል። እሱስ ምን ያገኛል? በሚቀጥለው ዓመት ባልየው ከሞተ ሚስቱ ቀድሞ የምታውቀው እሱን ነው። ሞኝ አይደለም፤ ወረፋ ይዟል።

ለምን ሁልጊዜ ሴቷ መራጭ፣ ወንዱ ተሽኮርማሚ ይሆናል?

ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን ብዙ ጊዜ ነው። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 የወንዶች ጌጥና ጠብ ከሴቶች ምርጫ ጋር እንደሚያያዝ ጻፈ። ምርጫው ለምን ከሴቷ በኩል እንደሚበዛ ይበልጥ የተብራራው ግን እ.ኤ.አ. በ1972 በሥነ ሕይወት ተመራማሪው ሮበርት ትሪቨርስ ነው። አሳቡ ይሄ ነው፦ ለልጅ የበለጠ የሚያወጣው ወገን ይመርጣል፣ ያነሰ የሚያወጣው ይፎካከራል። እንቁላል ውድ ነው፣ እርግዝናም ማጥባትም ውድ ነው፤ ዘር ርካሽ ነው። ስለዚህ በብዙ እንስሳት ሴቷ ረጋ ብላ ታያለች።

ይሄ ሕግ እውነት ከሆነ ወንዱ የበለጠ የሚያወጣበት ቦታ ሁሉም ነገር መገልበጥ አለበት። ይገለበጣልም! ማስረጃው እዚሁ ሐይቃችን ላይ ይሄዳል። የውሃ ቅጠሎች ላይ በረጃጅም ጣቶቹ የሚራመደውን ቡናማ ወፍ ጃካናን ፈልጉ። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ ለክልሏ የምትጣላው እሷ ናት፣ ብዙ ባሎች አሏት። ለአንዱ እንቁላል ጥላለት ወደ ሌላው ትሄዳለች። የሚታቀፈው ወንዱ ነው፣ ጫጩቶቹን በክንፉ ሥር አቅፎ የሚሸሸውም እሱ ነው፤ እግሮቻቸው ከሥር ተንጠልጥለው ይታያሉ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ጎጆው ተንሳፋፊ ቅጠል ላይ ስለሆነ በቀላሉ ይሰጥማል፣ ይበላል። እንቁላል ቶሎ ቶሎ የምትተካ ሴት ያስፈልጋል፤ እሷ ነፃ እንድትሆን ደግሞ ወንዱ ሕፃናቱን ያዘ። ጀልባ ስትወጡ ሞተሩን አጥፉና የደንገሉ ዳር ላይ ትንሽ ቆዩ፤ ታዩታላችሁ።

ዕድሜ ልክ አብረው የሚኖሩ ወፎች ታማኝ ናቸው?

ጎጆ ይጋራሉ፣ ይሄ ግን ሌላ ነገር ነው። የዓሣ ንስር ጥንዶች ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ጥለው በቅብብል ሲጮኹ የሰማ ሰው ፍቅር ነው ይላል። ጩኸቱ ለጎረቤትም ነው፦ ይሄ ዳርቻ ተይዟል ማለት። ጥንዶቹ የማይለያዩት ጥሩ ዛፍና ጥሩ ዓሣ ያለበት ቦታ ለአንድ ወፍ ብቻውን መጠበቅ ስለሚከብድ ነው።

የዘረመል ምርመራ ከመጣ በኋላ በጥንድ ከሚኖሩ የወፍ ዝርያዎች በብዙዎቹ ዘንድ ከጎጆው ባል ያልተወለዱ ጫጩቶች ተገኝተዋል። ሴቷ ቀላቢ ከአንዱ፣ ዘር ከሌላ ትወስዳለች። ሁሉም እንደዚያ አይደለም፣ በየዝርያው ይለያያል።

ወንድ ጉሬዛ ግልገል ይገድላል የሚባለው እውነት ነው? ለምን?

አዎ፣ ይሆናል። ኡጋንዳ ውስጥ በተጠኑ የጉሬዛ መንጋዎች ታይቷል። የጉሬዛ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትልቅ ወንድና ብዙ ሴቶች ነው። ንጋት ላይ የምትሰሙት ግሳት የዚያ ወንድ ነው፣ ለሌሎች ወንዶች ያለሁ የሚልበት። አንድ ቀን ሌላ ወንድ ያሸንፈውና ይተካዋል። አዲሱ ያገኛቸው ግልገሎች የሱ አይደሉም። የምታጠባ እናት ደግሞ ቶሎ አትፀንስም። ግልገሉ ከሞተ ግን ቶሎ ለስሪያ ትመለሳለች፣ አዲሱም ራሱ ሳይባረር የራሱን ልጅ ያገኛል።

ይሄን ማብራሪያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሰፊው ያቀረበችው ተመራማሪዋ ሣራ ሄርዲ ናት፤ ሕንድ ውስጥ ላንጉር የሚባሉትን ቅጠል በል ዝንጀሮዎች አጥንታ። ያኔ ብዙዎች አልተቀበሏትም፣ መጨናነቅ ያመጣው እብደት ነው ይሉ ነበር። በኋላ አንበሳን ጨምሮ በሌሎች እንስሳትም ተመሳሳይ ነገር ታየ። ሴቶቹም ዝም ብለው አይቀበሉም። የላንጉር ሴት ከመንጋው ውጭ ካሉ ወንዶችም ጋር ትሳረራለች፣ አንዳንዴ አርግዛ እያለች እንኳ። ነገ ከነዚያ አንዱ መንጋውን ቢረከብ የኔ ሊሆን ይችላል የሚለውን ግልገል ለመግደል ያመነታል።